የብርጓል ጥሬ ቅጂ

ደብረ ማርቆስ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ከተደረደሩት የጽሕፈት ክፍሎች ሁሉ የወይዘሮ የብርጓል ክፍል ትጠባለች። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ ወንበር፤ በቃ። ያም ሆኖ ከገጠር የሚመጣው ገበሬ ክርክሩን ማስጻፍ የሚፈልገው እሷ ዘንድ ነው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ዓይናቸውን ከፊደሉ አይነቅሉም። የብርጓል ግን ጣቶቿን ለቁልፎቹ ትታ የምታየው የተናጋሪውን ፊት ነው። ሰውየው ስለ ወሰኑ፣ ስለ ወንድሙ፣ ስለ ተገመሰበት ማሳ ሲናገር ራሷን እየነቀነቀች ትሰማዋለች፤ እሱ ተናግሮ ሲወጣለት አቤቱታውም አልቆ ይገኛል።

ይህን የተማረችው በታይፕ ዘመን ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረች። አባቷ ቀደም ብለው ሞተዋል። እናቷ ደግሞ አንድ ጧት ከመኝታቸው ሲነሡ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿንና እናቷን የምታኖረው እሷ ሆነች። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላት መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር አስገባ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው አንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ጭኖላት፣ አንድ ቀን አሠልጥኗት ሄደ። የቁልፎቹ አቀማመጥ እንደ ታይፑ ስለነበር ብዙም አልከበዳት። ከዚያ ወዲህ የስንቱን ደብዳቤ እንደጻፈች እግዜር ነው የሚያውቀው። አሁን ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ካረፉ ቆዩ፣ ወንድሞቿ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፣ እሷ አላገባችም።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምትመስል ልጅ በሩ ላይ ቆመች። የብርጓል የአንድ ሽማግሌ ማመልከቻ እየጻፈች ነበር።

“ወይዘሮ የብርጓል እርስዎ ነዎት?”

“ነኝ። ቁጭ በይ ልጄ፤ እስክጨርስ።”

ልጅቱ ተቀመጠች። ሽማግሌው ፈርመው ከወጡ በኋላ የብርጓል አዲስ ገጽ ከፍታ እንደ ልማዷ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አኖረች።

“እሺ፣ ስም?”

“መቅዲ ዘመነ። ግን ማመልከቻ ላስጽፍ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ነው የመጣሁ፤ እዚህ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አባቴ መምህር ዘመነ ይባላል። ድሮ እዚህ ያስተምር ነበር።”

 የብርጓል ጣት ካረፈበት ቁልፍ አልተነሣም፤ ስክሪኑ ላይ አንዲት “መ” መስመሩን ሞልታ ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደች፣ ወደ ሦስተኛው ወረደች።

“ደኅና ነው?” አለች በመጨረሻ።

“ሰኔ ላይ ዐረፈ።”

የብርጓል እጇን አነሣች። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋችና ወደ መንገዱ ዞር አለች። መቅዲ ከቦርሳዋ አንድ ሲዲ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ “ቃላት” ተብሎ ተጽፏል።

“ከመሞቱ በፊት የሰጠኝ ይኸን ነው። ‘ደብረ ማርቆስ የብርጓል የምትባል ጸሐፊ አለች፤ ከእሷ በቀር የሚከፍተው የለም’ አለኝ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ሞክሬው ነበር፤ የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። እሱም አንዳንዴ ከፍቶ ያንኑ ምልክት እያየ ይቀመጥ ነበር። ምን ታያለህ ስለው ‘ዝም ብዬ ነው’ ይለኛል።”

ዘመነ የአማርኛ መምህር ነበር። በ1991 ዓ.ም. ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከተማ ውስጥ እየተረሱ የሄዱ የገጠር ቃላትን መሰብሰብ ጀመረ፤ የአፈርና የዝናብ ዓይነት፣ የከብት መልክ፣ የእርሻ ዕቃ፣ የበሽታና የቅጠል ስም። በየሳምንቱ ከማስተማሩ መልስ አንዱን ቀበሌ በእግሩ ዞሮ ይመጣል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የብርጓል በአለቃዋ ፈቃድ ቢሮውን ትከፍትለታለች። እሱ ከማስታወሻ ደብተሩ እያየ፣ እየተንጎራደደ ይናገራል፤ እሷ ትጽፋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ሥራው ሲያልቅ አንድ ንጹሕ ቅጂ አትመው አዲስ አበባ ላለ አንድ አሳታሚ ላኩት፤ አልተመለሰም። ንጹሑ የተቀዳበት ዲስክም ከጊዜ በኋላ ተበላሸ። ዘመነ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውሮ ሲሄድ የወሰደው ሌላውን ዲስክ ነው፤ እሱን በኋላ ሲዲ ላይ አስቀድቶት ኖሯል።

የብርጓል በማግሥቱ ክፍሏን ዘግታ ወደ ሰልማ ሄደች። ሰልማ ገበያው አጠገብ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አላት፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አባቷ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ እሷ ሱቁን ወርሳ ሬዲዮውን በኮምፒውተር ተካችው። ከተማው ውስጥ ተስፋ የተቆረጠበት ዕቃ መጨረሻ የሚሄደው እሷ ጋ ነው።

“እትዬ የብርጓል፣ ላፕቶፑ ዛሬም ሞቀ?”

“ላፕቶፑስ ደኅና ነው። ይኸን ክፈችልኝ።”

ሰልማ ሲዲውን ከፈተችው። ሁለት ነገር ነበረበት፤ አንድ ረጅም ጽሑፍና የድሮው መጻፊያ ፕሮግራም። ጽሑፉን ስትከፍተው መቅዲ ያለችው ድብልቅልቅ መጣ። ፕሮግራሙን ልትጭን ስትሞክር ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ።

“ምን ሆኖ ነው?” አለች የብርጓል።

“ፊደሎቹ ፕሮግራሙ ውስጥ ናቸው፤ እነሱን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ደግሞ ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ በይው። ይኼ አስተርጓሚ የተሠራው ለድሮው ዊንዶውስ ነው፤ የአሁኑ ቋንቋ አይገባውም።”

“ሁለቱም ዊንዶውስ አይደሉም እንዴ?”

“ስማቸው አንድ ነው። ግን ቅድመ አያት ቢነሣ ከልጅ ልጅ ልጁ ጋር ይግባባል? ያኛው በአሥራ ስድስትና በሠላሳ ሁለት ቢት የሚሠራ ነበር፤ ይኼ በስድሳ አራት ነው። ታዋቂዎቹን የድሮ ፊደሎች ወደ ዩኒኮድ፣ ወደ አሁኑ የኮምፒውተር ፊደል፣ የሚመልስ መሣሪያ አለ። ይኼን ግን አንድ ሰው ሠርቶ ለጥቂት ቢሮ ሸጦ የጠፋ ነው የሚመስለኝ። እስቲ ሦስት ቀን ስጪኝ።”

ሦስቱ ቀን ሳምንት ሆነ። ሰልማ አዲሱን ሲስተም እንደ ድሮው ምሰል ብላ ሞከረችው፤ እምቢ አለ። ከመጋዘኗ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አውጥታ በመካከል ዘመን የነበረውን ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት ዊንዶውስ ጫነችበት። እዚያ ላይ ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ሳያበቁ ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ።

“ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ” አለች ሰልማ። “ከዚህም የባሰ አሮጌ ነው የሚፈልገው።”

ሌላ ደንበኛ ጠርቷት ስትወጣ የብርጓል ብቻዋን ላፕቶፑ ላይ ያለውን የምልክት ድርድር ስታይ ቆየች። በድንገት ጣቶቿ ጠረጴዛው ላይ ተንቀሳቀሱ። ያ ድርድር ሌላ ምንም አልነበረም፤ ያኔ የመታቻቸው ቁልፎች ናቸው። ምልክቱን ዓይኗ ባያውቀው ጣቷ ያውቀዋል። አንዱን ምልክት ታያለች፣ ጣቷ ወደ ድሮ ቦታው ይሄዳል፣ ፊደሉ ይመጣል። “ካ… ፊ… ያ።” ካፊያ። ሁሉም አልሆነላትም፤ ቁልፍ ላይ የሌሉ ምልክቶች በየመሐሉ ገብተዋል፤ ከአንድ መስመር ሁለት ሦስት ቃል ያመልጣታል። ግን እየተጎተተች ወደ ታች ሄደች። ካፊያ፣ ስስ ዝናብ። ከዚያም እንዲህ የሚል አነበበች፤ “የብርጓል፣ መስኮቱን ዝጊው፤ ይበርድሻል።”

ጣቶቿ ያንኑ መስመር ደገሙት።

ያኔ የምትጽፈው የሚናገረውን ሁሉ ነበር። እሱ በፍጥነት ይናገራል፣ የትኛው ለቃላት መዝገቡ እንደሆነ የትኛው ወሬ እንደሆነ ለመለየት ጊዜ አይሰጣትም፤ ስለዚህ ሁሉንም ትመታውና ኋላ ቁጭ ብላ ወሬውን እየነቀሰች ንጹሑን ታወጣ ነበር። የመጀመሪያውን “ጥሬ” ይሉታል። ዘመነ ይዞት የሄደው፣ ሲዲው ላይ ያለው ጥሬው ነው።

ሰልማ ተመልሳ፣ “አነበብሽው እንዴ?” አለቻት በመገረም። “ምን ይላል?”

“ስለ ካፊያ ነው” አለች የብርጓል።

ወደ ቤቷ ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚመላለስባት። ጥሬው ሁሉ ካለ፣ የመጨረሻዋ ቅዳሜም አለች ማለት ነው። ያቺን ቀን ዘመነ ከእሱ ጋር እንድትሄድ ጠይቋታል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለራሷ ግን ሃያ አራት ዓመት ነግራዋለች። ‘ከእኔ ጋር ነይ አለኝ። እናቴን ለማን ጥዬ አልኩት። ዝም ብሎ ሄደ።’ እናቷን ስታገላብጥ፣ ስትቀባ፣ በኋላም ስትቀብራቸው የተደገፈችው ይህን ነው። ወይ እሱን ወይ እናቷን መምረጥ ነበረባት፤ እናቷን መረጠች፤ እግዜር ያየዋል። አሁን ግን ፈራች። የመቅዲ እናት በሕይወት ትኖር ይሆናል። ልጅቱ አባቷ ሌላ ሴት ሲለምን ልታነብ ነው። ለሰልማ ‘ተዪው በቃ፣ አይከፈትም እንበላት’ ልትላት ወሰነች።

በማግሥቱ ጧት ግን ሰልማ ቀድማ ደወለች።

“እትዬ፣ አገኘሁት! ሉማሜ ላይ ድሮ የታይፕ ማሠልጠኛ የነበራቸው ጋሼ ሙላት የሚባሉ ሰው አሉ። ያው ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር እስከ ዛሬ ይሠራል አሉኝ። አሁኑኑ እንሂድ፤ ሱቁን ዘግቼዋለሁ።”

የብርጓል ልትላት ያሰበችው ቃል አፏ ላይ ነበረ፤ ግን አልወጣላትም። “መናኸሪያው በር ላይ ጠብቂኝ” አለቻት።

አቶ ሙላት ሰባ ዓመት የዘለላቸው ቀጭን ሰው ናቸው። ኮምፒውተሩን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነው ሳሎን ውስጥ አኑረውታል፤ የዕድሩን የአባላት ዝርዝር ይጽፉበታል። ገልጠው አበሩት። ሲነሣ እንደ ወፍጮ አጓራ።

“ኢንተርኔት የሚባል ነገር ገብቶበት አያውቅም” አሉ በኩራት። “ጤነኛ የሆነው ለዚያ ነው።”

ሰልማ ፍላሽ ሰካች። ኮምፒውተሩ ዝም አለ።

“ፍላሽ የሚባለውን አያውቅም” አለች እየሳቀች። “ይኼ ሲሠራ ፍላሽ መች ነበረና። እሱም የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል። ደግነቱ ሲዲውን ይዤዋለሁ።”

የሲዲው መሳቢያ ደግሞ ከስንት ዓመት በፊት ተጣብቆ ቀርቷል። ሰልማ የወረቀት ክሊፕ አቃንታ በትንሿ ቀዳዳ አስገብታ ገፋችው፤ ቀጭ ብሎ ወጣ። ሲዲውን አስገባችው። ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ አጉረመረመ። ከዚያ የዘመነ ጽሑፍ በጥቁር ፊደል፣ በአማርኛ፣ አንድ ሳይጎድል ስክሪኑን ሞላው።

“አልሐምዱ ሊላህ!” አለች ሰልማ።

“ሰልምዬ፣” አለች የብርጓል፣ “አንድ ጊዜ ብቻዬን ተዪኝ።”

ሰልማ ፊቷን አየች። አቶ ሙላትን “ጋሼ፣ እዚያ ማዶ ሻይ ልጋብዝዎ” ብላ ይዛቸው ወጣች።

የብርጓል ከመጀመሪያው ጀመረች። “ጉልጓሎ፦ ለሁለተኛ ጊዜ ማረስ። ትናንት አንድ ሰውዬ በሬውን አስቁሞ ሲያስረዳኝ በሬዎቹ ተናደዱ። እሱን አትጻፊው።” “ቦራ፦ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ከብት። አጎቴ ቦራ በሬ ነበረው፤ ሲሸጠው አልቅሷል።” “አመዳይ፦ በጥቅምትና በኅዳር ጧት ሣሩ ላይ የሚነጣው ውርጭ። እጅሽን አሙቂው እንጂ፤ ቆይ፣ እኔ እጠብቃለሁ።” በየገጹ አለ። ረኃቡ፣ ተማሪዎቹ፣ ጫማው፣ ገጠር የጋበዙት እርጎ። ድምፁን ረስታው ነበር። ሲያወራ ቃል መሐል ላይ ቆም ብሎ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ እንኳ ትዝ አላት፤ እዚያ ቦታ ላይ ጣቶቿ ሳያውቁት ባዶ ቦታ ሁለት ጊዜ መትተውለታል።

ወደ መጨረሻው ዘለለች። እንዲህ ይላል።

“ወጨፎ፦ ነፋስ እየገፋ ከደጅ ወደ ቤት የሚያስገባው ዝናብ። ምሳሌ፦ ወጨፎው መደቡን አረጠበው። እንዲህ እንደ ዛሬው ማለት ነው። ወንበርሽን ወዲህ ሳቢው። የብርጓል፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ዝውውር ጠይቄያለሁ። ፍኖተ ሰላም ነው። አንቺም ብትመጪ ብዬ ነው። አውቃለሁ፣ እናትሽን አውቃለሁ። እናትሽንም ይዘናቸው እንሄዳለን። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ፀሐይ የሚገባውን ለእሳቸው እናደርጋለን። ለምን ይከብደኛል? እናቴንም እንዲህ ሆና ነው የቀበርኳት። ልጆቹም ይማራሉ፤ እዚያም ትምህርት ቤት አለ። ማን ነው ሰው? ምን ይላል? ይበል። እሺ። እሺ፣ አላስቸግርሽም። አታልቅሽ። ወደ ቃሉ እንመለስ። ውሽንፍር፦”

የብርጓል ደግማ አነበበችው። ሦስተኛም አነበበችው።

የእሷ መልስ የለም። የእሱን ቃል ሁሉ መታለች፤ የራሷን አንድም አልመታችም። ግን ከእሱ ቃል ይታወቃል። እናቷን አንሥታ ነበር፤ እሱ ለእናቷ መልስ ነበረው። ወንድሞቿን አነሣች፤ ለእነሱም መልስ ነበረው። ከዚያ የቀራት ምክንያት “ሰው ምን ይላል” ብቻ ሆነ። አካለ ስንኩል እናቷን አስከትላ ሰው ቤት ገባች እንዳይሏት። ሃያ አራት ዓመት ‘ምረጪ አለኝ’ ስትል የኖረችው፣ ምረጪ ብሏት አያውቅም። ሁሉንም ይዘሽ ነይ ነበር ያላት።

ሰልማ ስትመለስ የብርጓል ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አገኘቻት። አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን ያዘቻት።

“መሞቱ ነው እንዴ የሚያሳዝንሽ እትዬ?”

“ለሞቱ አልቅሼለታለሁ” አለች የብርጓል። “ይኼ ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ያዘንኩበት ምክንያት ውሸት ኖሯል።”

አቶ ሙላት ነገሩን በሙሉ ባይረዱትም ኮምፒውተሩ ደብረ ማርቆስ መሄድ እንዳለበት ገባቸው። “ውሰጂው” አሏት የብርጓልን። “እኔ ከእንግዲህ የማሠለጥነው የለኝም። የዕድሩን ዝርዝር ግን በአዲሱ ፊደል ገልብጠሽ ላኪልኝ።” ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በሚኒባስ ጭነው ተመለሱ።

የአሮጌውን ኮምፒውተር ፊደል ወደ አዲሱ የሚቀይር መሣሪያ ስላልነበረ የነበረው መንገድ አንድ ነው፤ አሮጌውን በግራ፣ ላፕቶፑን በቀኝ አድርጎ እንደገና መጻፍ። የብርጓል በየቀኑ ባለጉዳይ ሲያልቅ ትቀመጣለች። ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ነው። ንጹሑን ለመዝገቡ ጻፈችው። ስለ በሬው፣ ስለ እርጎው፣ ስለ ተማሪዎቹ ያለውን ወሬ ደግሞ ለብቻው ሰብስባ ለመቅዲ አስቀመጠችላት። ያቺን ገጽ ግን ሳትነካት አለፈች። አልፋ ልትተዋት ሞከረች፣ አልሆነላትም። መጋቢት ላይ መቅዲ የተጻፈውን ልታይ ስትመጣ በሩን ዘግታ አስቀመጠቻት።

“አንድ ገጽ አለች፤ ለብቻ ነው ያኖርኳት” አለቻት። “አባትሽ እናትሽን ከማግኘቱ በፊት ነው። ከፈለግሽ አነብልሻለሁ፤ ካልፈለግሽ ከእኔ ጋር ትቅር።”

“ያንብቡልኝ።”

አነበበችላት። ድምፅዋ “ለምን ይከብደኛል” የሚለው ላይ ሲደርስ መቅዲ ድንገት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

“ልክ እንዲህ ነበር የሚለው” አለች። “አባዬ ይኸን ተሸከምልኝ፣ እዚያ አድርሰኝ ስለው፣ ‘ለምን ይከብደኛል?’ ይለኝ ነበር። ታምሞም እንኳ።”

 ከዚያ መቅዲ ቀስ ብላ፣ “ለምን እምቢ አሉት?” አለቻት።

“ሰው ያማኛል ብዬ ነው ልጄ። ለእናቴ ስል ነው እያልኩ ግን ኖርኩ።”

“እናቴ ታውቃለች” አለች መቅዲ እየተደነቃቀፈች። “ስምዎን ነግሯታል። ወደዚህ ስመጣም የላከችኝ እሷ ናት። ‘ሂጂ፣ ሴትየዋን ጨርሰሽ ስሚያት’ ብላኝ ነው። ሰኔ ላይ ሙት ዓመቱ ነው። ይመጣሉ?”



መዝገቡ ግንቦት ላይ አለቀ። ሰልማ አስተካክላ አሳተመችው፤ አሥራ ሁለት ቅጂ ተጠርዞ ወጣ። አንዱ ዘመነ ያስተማረበት ትምህርት ቤት ገባ፣ አንዱ ለአቶ ሙላት ከዕድሩ ዝርዝር ጋር ተላከላቸው። ሽፋኑ ላይ ከዘመነ ስም ሥር “ጸሐፊ፣ የብርጓል” የሚል መቅዲ ጨምራበታል፤ የብርጓል ያየችው ከታተመ በኋላ ነው። ልትቆጣ ብላ ተወችው።

ሰኔ ላይ ነጠላዋን ለብሳ፣ አንድ ቅጂ በፌስታል ይዛ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄደች። ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ሰው ምን ይላል የሚለው አሁንም ከተቀመጠበት ተነሣ። መቅዲ አይታት ሮጣ መጣች፤ እጇን ይዛ ወስዳ ከአንዲት ጠይም፣ ጥቁር ከለበሰች ሴት አጠገብ አስቀመጠቻት። የዘመነ ሚስት የኔአለም ናት።

“እግዜር ያጽናሽ” አለች የብርጓል ጎንበስ ብላ።

“አንቺንም ያጽናሽ” አለች የኔአለም።

ይህን ለእሷ ያላት ሰው አልነበረም። ለዘመነ ብታለቅስም ማንም እግዜር ያጽናሽ ሊላት አይችልም፤ ምኑ ናትና። የብርጓል ፌስታሉን አቀበለቻት፤ የኔአለም መጽሐፉን አውጥታ ሽፋኑን በመዳፏ ጠረገችው። ጸሎቱ አልቆ፣ ሰው በልቶ፣ ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ሰው ሲቀር የኔአለም ወደ እሷ ዞረች።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ሳገኘው ዝምተኛ ነበር። ያኔ ይስቅ ነበር?”

“ይስቅ ነበር” አለች የብርጓል። “የማያውቀው ቃል ሲያገኝ ብቻውን ይስቃል። አንድ ቀንማ ሲስቅ ማስታወሻ ደብተሩ ውኃ ውስጥ ወደቀ፤ ቁጭ ብለን ገጹን እያንዳንዱን አደረቅነው።”

“እስቲ ንገሪኝ” አለች የኔአለም ወንበሯን አስጠግታ። “ሁሉንም ንገሪኝ። ወጣትነቱን አላውቀውም።”

የብርጓል የምታውቀውን ነገረቻት። የጫማውን፣ የቡልኮውን፣ ሲርበው የሚቆጣውን። የኔአለም እየሰማች አንዳንዴ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ አንዳንዴ “እሱ?” ትላለች። ሲበቃት እንዲህ አለች፦

“አንቺስ? እኔ ምን ላጫውትሽ?”

የብርጓል አሰበች። ለመጠየቅ ያፈረችው ብዙ ነበር። “ከሸመገለ በኋላ እንዴት ነበር?” አለች።

“ጸጉሩ ቶሎ ነጣ። ቀኝ ጉልበቱን ያመዋል፣ ግን ምርኩዝ ያዝ ስትዪው ይቆጣል። ጎመን ጠልቶ ሞተ።”

“ጎመን? ያኔ እኮ ሌላ ነገር አይበላም ነበር!”

“ተዪኝ እስቲ!”

ሁለቱም ሳቁ፤ ድንኳን ውስጥ መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። የኔአለም ስለ ጉልበቱ፣ ልጅ ሲወለድለት ስለሆነው፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ስለሚጠይቀው ነገር ማውራቷን ቀጠለች። መቅዲ መጥታ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ሊነሣ ነው አለቻቸው። የብርጓል ቀና ብላ አየቻት።

“ይሂድ” አለች፤ ወደ የኔአለምም ዞራ፣ “እሺ፣ ልጅ ሲወለድለት ምን አለ?” አለቻት።